የቅርንፉዱ ብልቃጥ

ብርቅነሽ ከኮሮና ተርፋ ከአልጋዋ በተነሣች ሰሞን ዓለም በሞላ ገማ። መጀመሪያ አፍንጫዋ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ድስቱ አጠገብ ቆማ ምንም አይሸታትም። ይህስ ይሻል ነበር። ቆይቶ ሽታ ሲመለስ የተመለሰው የራሷ ሽታ አልሆነም። የተቁላላው ሽንኩርት የተቃጠለ ፀጉር ሆነ፣ ሳሙናው የበሰበሰ እንቁላል፤ የገዛ ትራሷ እንኳ አይጥ የሞተበት ይመስል ከረፋት። እንጀራ የምትጎርሰው በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ ነበር፤ ከጎረሰችውም ግማሹ እጓሮ ሄዶ ይመለሳል። ከሁሉ የባሰው ግን ቅቤ ነው። ቅቤ አጠገቧ ሲደርስ ሬሳ የገባ ይመስላታል።

አሳዛኙ ነገር ቅቤ የብርቅነሽ መተዳደሪያ መሆኑ ነው። አምቦ ገበያ ላይ ከእናቷ የወረሰችው ሱቅ አላት፤ ከጌዶ፣ ከጉደር፣ አንዳንዴም ከእንጭኒ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይመጣላታል። ስንጥሯን እስከ ቅቤው እምብርት ትሰካና ታወጣለች፣ በእጇ ጀርባ ትቀባለች፣ አንዴ ታሸትታለች። በቃ። ለጋ ይሁን የከረመ፣ ጭስ የነካው ይሁን ያልነካው፣ ሙዝ ተፈጭቶበት ይሁን የሚረጋ ዘይት ተለውሶበት፣ ሁሉን ትነግርሃለች። ባዕድ ነገር ያለበትን ከነኮባው ለባለቤቱ ትመልስና፣ «ይህን ወስደህ ለጋሪህ ጎማ ቀባው» ትላለች። ሻጭ ሁሉ ይፈራት ነበር፣ ደግሞም ያከብራታል።

ከዚህ የተነሣ የአምቦ ሴቶች ቅቤ ሲገዙ ማሽተት ትተዋል። ሌላ ሱቅ ሲሄዱ ቅቤውን ሲያገላብጡ፣ ሲጠረጥሩ፣ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ እዚህ ሲመጡ ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ብርቅነሽ አሽትታዋለች?» አሽትታዋለች ከተባለ ቅርጫታቸውን ይዘረጋሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የብርቅነሽ እናት ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ስሟ ግን ዛሬም በልጇ አፍንጫ ላይ ይኖር ነበር።

ታናሽ እኅቷ አመለሸጋ ትባላለች። እናታቸው ስትሞት ገና ሕፃን ነበረችና ያሳደገቻት ብርቅነሽ ናት። አግብታ፣ ፈትታ፣ ተመልሳ እኅቷ ቤት ገባች፤ ሱቁንም አብራ ትሠራለች። እውነቱ ይነገር፤ ብርቅነሽ በታመመች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ከበር ላይ ሆኖ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ሲሸሽ፣ አንገቷን ደግፋ ሾርባ ያጠጣቻት፣ ትውኪያዋን የደፋችላት፣ ገላዋን ያጠበቻት አመለሸጋ ናት። ይህን ማንም አይክዳትም። እኔም አልክዳትም፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ይበልጥ የሚያቅለሸልሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙ ከወጣ በኋላም ብርቅነሽ ከመኝታ ቤት እስከ በር ስትሄድ ትንፋሿ እየተቆረጠ ቢያስቸግራት ወደ ሆስፒታል ላኳት። እዚያ ከኮሮና ድነው ያልዳኑ ሰዎች ተሰብስበው እንቅስቃሴ ይሠሩ ነበር። የምታሠራቸው ሰምሃል የምትባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ሁሉም ግን ሲስተር ይሏታል። በኮሪደሩ ወንበር ተደርድሮ ትልልቁ ሰው ሁሉ ቁጭ ብድግ ይላል፤ ከንፈሩን አሹሎ ሻማ እንደሚያጠፋ እፍ ይላል። አንዱ ያስላል፣ አንዱ አክታውን በመሐረብ ይቋጥራል። የብርቅነሽ የታመመ አፍንጫ የዚህን ሁሉ ትንፋሽ ሰብስቦ አንድ የቄራ ጉድጓድ አደረገባት።

«ቁጭ ብድግ ልል ነው የመጣሁት? መድኃኒት የላችሁም?» አለች፣ በነጠላዋ አፏን እንደ ያዘች።

«መድኃኒቱ ይኸው ነው፣ እትዬ ብርቅነሽ» አለች ሰምሃል። «ሲደክምዎት አይደለም የሚያቆሙት፤ ሳይደክምዎት ነው። ዛሬ ጨከን ብለው ቢሮጡ ሦስት ቀን ይተኛሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፤ ከዚያ ቁጭ ይበሉ።»

«አፍንጫዬስ?»

«አፍንጫም ስፖርት ይሠራል።»

ብርቅነሽ የተቀለደባት መሰላት። ልጅቱ ግን አልቀለደችም። ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጤና አዳም በየብልቃጡ አድርገው ጠዋትና ማታ ያሽትቱ አለቻት። «ዓይንዎን ይጨፍኑና ቀስ ብለው ያሽትቱ። ባይሸትዎትም ሽታውን ያስታውሱ፤ ሎሚ ሲጨምቁ፣ ልጅ ሆነው ጤና አዳም ሲቀነጥሱ። አእምሮ የረሳውን መንገድ እየተመላለሰ ነው የሚያገኘው። ወራት ይፈጃል። አይሰልቹ።»

ብልቃጦቹን ያዘጋጀችው አመለሸጋ ናት። ሎሚውንና ቅጠሉን ከጓሮ፣ ቅርንፉዱን ከቅመም ተራ አምጥታ፣ አጥባ፣ ከድና በመስኮቱ ላይ ደረደረችላት። ብርቅነሽም ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ጨፍና ማሽተት ጀመረች። ሎሚው ቆሻሻ ገንዳ ሸተተ። ባሕር ዛፉ ናፍጣ። ቅርንፉዱ ግን ምንም፤ ግማት እንኳ የለው።

በዚህ መሐል ሱቁ መከፈት ነበረበት። አመለሸጋ አንድ ቀን መጥታ እግሯ ሥር ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ሰው እየሸሸ ነው። ብርቅነሽ አላሸተተችውም ይላሉ። ዝም ብለሽ መጥተሽ ተቀመጪ፤ ስንጥሩን ሰክተሽ አፍንጫሽ ጋ አስጠጊው። ሌላውን እኔ አውቅበታለሁ፤ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ብርቅነሽ እምቢ ማለት ነበረባት። አላለችም። የእናቷ ሱቅ በእሷ እጅ ሲዘጋ ታያት፤ ይህ ከግማቱ ሁሉ ባሰባት። ሄዳ ከባንኮኒው ኋላ ተቀመጠች፤ ትንፋሿን ይዛ ስንጥሩን ሰካች፣ በእጇ ጀርባ ቀባች፣ አስጠጋች፣ «ይሁን» አለች። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ዘረጉ። ሲወጡ በጓሮው በር ሄዳ አስመለሳት። ያስመለሳት ቅቤው ይሁን ውሸቱ፣ እሷም አልለየችውም።

አንዴ ትንፋሿን መያዝ ተስኗት የቅቤው ሽታ ሳታስበው ገባባት፤ «አመለሸጋ፣ ይሄ የሞተ ነገር ይሸታል» አለች ዝግ ብላ።

«በሽታው ነው፣ እትዬ። ትናንት ሳሙናውንስ እንዲሁ አላልሽም?»

እውነትም ብላ ነበር። የገዛ አፍንጫውን ያላመነ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? «ይሁን» አለች።

መንበረ የምትባል የጥንት ደንበኛ አለቻት፣ ጎረቤቷም ናት፤ ልጇ ልትወልድ ቀኗን ትጠብቃለች። ለአራሷ ገንፎ ከአሁኑ ቅቤ እያጠራቀመች ነበርና ሱቁ ገብታ ስትወጣ አንድ ነገር ሳትል አታልፍም። «ብርቅነሽዬ፣ ዘንድሮ ደግሞ ቅቤሽ ልዩ መዓዛ አለው! ምን እያበላችሁ ነው የምታልቡት እነዚያን ላሞች? ታመሽ እግዜር ካሰሽ እኮ።» ሌሎቹም ይቀበሏታል፤ ደስ የሚል፣ የሚያውድ ነገር አለው፣ የጌዶ ሣር ነው፣ አይ የኮባው ነው። አመለሸጋ ፈገግ ትላለች። ብርቅነሽ ይህን ሁሉ ትሰማና የሰው አፍንጫ ያስቀናታል።

ሐምሌ አልቆ ፍልሰታ ሲገባ ሎሚው መጣ። በአንድ ማለዳ የቆሻሻ ገንዳው ሽታ ተገለጠና ከሥሩ ሎሚ፣ የጥንቱ ሎሚ፣ ብቅ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ጤና አዳሙ ተከተለ፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፉ። ቅርንፉዱ ግን ወይ ፍንክች።

«ተዪው እሱን» አለቻት አመለሸጋ፣ ትከሻዋን እያሻሸች። «አፍንጫሽ ላይ የቅርንፉዱና የቅቤው ክፍል ሞቷል ማለት ነው። ሦስቱን ማግኘትሽስ ቀላል ነው? የቀረውን እኔ አለሁልሽ።»

ብርቅነሽ ግን ግትር ናትና ብልቃጡን በነጠላዋ ቋጥራ ለሰምሃል ወሰደችላት። ሰምሃል ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ አንዱን ፍሬ አውጥታ በጥፍሯ ጫን አለችው። ፍሬው እንደ እርጥብ ገለባ ተሰነጠቀ።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ይሄ ተቀቅሏል እኮ። እኔም ምንም አይሸተኝም። ደህናው ሲጫኑት ቅባት ያወጣል። የደከሙት በባዶ ነው።»

ብርቅነሽ ሳቀች። አመለሸጋ ሻይ አፍልታበት ይሆናል አለች፤ ቁጠባ የለመደች ልጅ ናት፣ እኔው ነኝ ያስለመድኳት። እንዳታፍርባት ብላ አልነገረቻትም። ከቅመም ተራ አዲስ ቅርንፉድ ገዝታ በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችውና ለእርምጃ ስትወጣ ይዛው መውጣት ጀመረች።

እርምጃዋ እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ነው። አምቦ ላይ ዝም ብሎ መራመድ ግን የሚቻል እንዳይመስላችሁ። «ወዴት ነው? ማን ሞተ? በደህና ነው?» የማይል የለም፤ ለሰላምታው የምታወጣው ትንፋሽ ከመንገዱ ይበልጥ ያደክማታል። ዝም ብላ ካለፈች ኮራች፣ ቆማ ከተሳለመች ጉልበቷ ያልቃል። አንድ ቀን ድልድዩ ጋ ቁጭ ብላ ስታርፍ ወርቂቱ መጣች፤ ከጌዶ ለዘመናት ቅቤ ያመጣችላት ሴት ናት።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ብርቅነሽ? ፈያ?»

«ፈያ፣ ወርቂቱ። ተርፈናል።»

«ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን! እኔ እኮ ሞትሽ ብዬ ነበር። ታናሽሽ ዘንድሮ ከእኔ አትወስድም፤ ስትወስድም ቁራጭ ነገር ናት። አምቦ ቅቤ መብላት ተወች እንዴ?»

«ጾም ነው፣ ወርቂቱ።»

«በሰኔም ጾም ነበር?» አለች ወርቂቱ፤ ሸክሟን አስተካክላ ሄደች።

የሰኔ ጾም መኖሩን ብርቅነሽ ታውቃለች፤ ግን እሱም ቢሆን ሐምሌ አምስት ላይ ያበቃል። ሱቁ ደግሞ በሐምሌ በቅቤ ሙሉ ነበር። ነገሩ እሾህ ሆኖ ልቧ ውስጥ ቀረ፤ ነቅላ ልታየው ግን ፈራች። ያጠበችኝን ልጅ ልጠርጥር? አለች። ቅርንፉዷን አወጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አሸተተች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በዚያው ድልድይ ላይ ቅርንፉዱ መጣ። ድንገት፣ ከነሙቀቱ፣ ከነመቆንጠጡ። የእናቷ የቅመም ሙዳይ ወለል ብሎ ታያት። ብርቅነሽ ዋይ ብላ አለቀሰች፤ መንገደኛው ሁሉ በእርግጥም ሰው ሞቶባታል ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ደስታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደስታ ልጅ ሆናም አላገኛትም። ለአመለሸጋ ግን አልነገረቻትም። በበዓሉ ገበያ፣ በሰው ፊት፣ በደንብ አሽትቼ ላስደንቃት ብላ ነው።

የጳጉሜ ገበያ ደረሰ። ሱቁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ሆነ። መንበረ ከፊት ቆማለች፤ የልጇ ቀን ደርሷል። አመለሸጋ ከመደቡ አንድ ትልቅ ቅቤ አንሥታ በእኅቷ ፊት አስቀመጠች። ብርቅነሽ ስንጥሯን ሰካች፣ በእጇ ጀርባ ቀባች። በዚህ ጊዜ ትንፋሿን አልያዘችም።

ቅቤ ሸተታት። ሬሳ ሳይሆን ቅቤ፤ ወተቱ፣ የመናጫው ጭስ፣ ኮባው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ከኮባው ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ፤ ሞቅ ያለ፣ የሚቆነጥጥ። ቅርንፉድ።

በመቀነቴ የቋጠርኩት እጄን ነክቶት ነው አለች። ተነሥታ ሄዳ እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች፣ ቋጠሮውንም አውልቃ ውጪ አስቀመጠች። ተመልሳ በሌላው እጇ ቀባች። ያው ቅርንፉድ። ክረምቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ያሳደደችውን ሽታ ልትስተው አትችልም፤ በዓለም ላይ ከሁሉ አስበልጣ የምታውቀው እሱን ሆኗል። ዓይኗን ጨፍና ከቅርንፉዱ ሥር ገባች። ከሥሩ ሞራ አለ። የቀለጠ የበሬ ሞራ፣ የከረመ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ ዝንብ የሚወረው።

«አመለሸጋ፣ በጥሬ ቅቤ ውስጥ ቅርንፉድ ምን ይሠራል?»

አመለሸጋ ፊቷ አንዴ ነጣ፤ ወዲያው ወደ ሴቶቹ ዞራ አዘነች። «ውይ እትዬን! በሽታው እኮ ነው። ሐኪሟም ወራት ይፈጃል ብላለች። ሳሙና እንኳ እንቁላል ነው የሚሸታት።»

«እኔን፣ አይዞሽ» አለች አንዷ። «እግዜር ይጨርስልሽ» አለች ሌላዋ። መንበረም፣ «እኔ እኮ ከሰኔ ጀምሮ የምበላው ነው፣ ምንም አልሆንኩ» ብላ ቅርጫቷን ወደ አመለሸጋ ገፋ አደረገች። ማንም፣ አንዲትም ሴት፣ ቅቤውን አንሥታ አላሸተተችም።

ብርቅነሽ ከባንኮኒው ወጣች። አፍንጫዋን አስቀድማ በጓዳው በር ገባች፤ ባዶውን ጣሳ አልፋ፣ ኮባውን አልፋ፣ ማዳበሪያ የተከመረበት ጥግ ጋ ደረሰች። ማዳበሪያውን ገለጠች። አንድ ትልቅ ብረት ድስት ነው፤ ውስጡ የረጋ ነጭ ሞራ፣ በላዩ ጥቁር ጥቁር የቅርንፉድ ፍሬ እንደ ትንኝ ተጣብቆበታል። አንሥታ፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ ሁለቴ አረፍ ብላ፣ አምጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው።

ያን ጊዜ ሁሉም ሸተታቸው። አንዷ በነጠላዋ አፏን ያዘች፣ አንዷ ደጅ ወጥታ ተፋች። ልዩ መዓዛ ሲሉ የከረሙት ሁሉ፣ «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ብርቅነሽ አየቻቸውና ከሞራው ይልቅ እነሱ አቅለሸለሿት። ጤነኛ አፍንጫ ተሸክመው ክረምቱን ሙሉ የበሬ ሞራ እየበሉ ያሽሞነሞኑ፣ ዓይናቸው ሲያይ አሁን ብቻ የሚገማቸው!

አመለሸጋ እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ሱቁ እንዳይዘጋ፣ መታከሚያሽ እንዳይጎድል...»

«ቅርንፉዴንስ? ቀቅለሽ ውኃውን ለሞራው፣ ግርዱን ለእኔ?»

«አንቺ እንደሆነ... አይሸትሽም ነበር» አለች አመለሸጋ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ገላዋን ያጠበላት እጅ እጇ ላይ ነበር፣ ሾርባ ያጠጣት እጅ፤ አሁን ሞራና ቅርንፉድ ይሸታል። ብርቅነሽ ጣት በጣት አላቀቀችው። እንደ ጥንቱ ልትመታትም፣ ልትሰድባትም አልፈለገችም፤ ተጸየፈቻት፣ ሌላ ነገር አልነበረም። አመለሸጋ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ተሰማች።

መንበረ ግን አልሄደችም። ፊቷ ቀልቷል። «እሷስ እሺ፣ እሷ ሌባ ናት። አንቺስ? ስንጥሩን ሰክተሽ፣ በእጅሽ ቀብተሽ፣ ዓይኔን እያየሽ ይሁን አላልሽኝም? እኔ የገዛሁት ከእሷ ነው?»

ብርቅነሽ እጇን ከባንኮኒው አነሣች። አፍንጫዋ ድኗል፤ የዳነው አፍንጫዋ አሁን የገዛ እጇን ጀርባ አሸተታት፣ «ይሁን» እያለች የቀባችበትን። ጠላችው። ያን ቀን ሱቁን ዘግታ ሞራውን አስደፋች፣ መደቡን በአመድ ፈተገች፣ ቁጭ እያለች፣ እያረፈች፣ እስኪመሽ ፈተገች።

በዕንቁጣጣሽ ማግስት መንበረ ተመለሰች። አኩርፋ ነው የመጣችው፤ ልጇ ወልዳለች፣ ለገንፎው ቅቤ የለም፣ በሌላ ሱቅ ደግሞ ማንን አምና ትገዛለች? ብርቅነሽ ከወርቂቱ የመጣ አንድ የኮባ ጥቅል ብቻ ነበራት። ፈታችው። ስንጥሯን እስከ እምብርቱ ሰክታ አወጣች። ከዚያ የመንበረን እጅ ስባ በእሷ እጅ ጀርባ ላይ ቀባችው።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንቺ አሽትቺው።»

መንበረ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ አራቀች፣ ደግማ አስጠጋች። «ምን መሽተት እንዳለበት እኮ አላውቅም» አለች፤ ድምፅዋ የኩርፊያ አልነበረም።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት ብርቅነሽ፣ ወንበር እየሳበችላት። «ቁጭ በይ። ወራት ይፈጃል።»